በበቅሎ የተጫነ አየር

ከማወራው ግማሹን ጥላችሁ ግማሹን መያዝ ልማዳችሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር የሚኖረው በዚህ ሒሳብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን እንደዚያ ብታደርጉ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ፤ የማይታመነው ግማሽ እውነቱ ነውና። ደግሞም አብዛኞቻችሁ ከአንኮበር በታች ያለውን ቁልቁለት በሕይወታችሁ አትወርዱትም። ጉልበታችሁን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እኔ ወርጄላችኋለሁ፣ ወጥቼላችኋለሁም፤ እናንተ ባናችሁን ተከናንባችሁ አንብቡ።

ነገሩን ያመጣው እንግዳ ነው። ምጽዋ ወደብ ላይ ጆንያ ስቆጥር በኖርኩባቸው ዓመታት ኢድሪስ የሚባል ጠላቂ ወዳጅ አፍርቼ ነበር። ጠላቂ ስላችሁ እንደ ዳክዬ ብቅ ጥልቅ የሚል ዋናተኛ እንዳይመስላችሁ። ኢድሪስ አየር የታጨቀበት ቦምቦላ የሚሉትን የብረት ጠርሙስ በጀርባው ያዝላል፤ ከእሱ የሚወጣውን የጎማ ቱቦ በአፉ ነክሶ፣ ፊቱን በመስታወት ሸፍኖ፣ እግሩ ላይ የጎማ መዳፍ አጥልቆ ባሕሩ ወለል ላይ እንደ ልቡ ይመላለሳል። በጦርነቱ ዘመን ወደቡ ውስጥ ከሰመጡ መርከቦች ሆድ ያላወጣው ነገር የለም፤ መልሕቅ፣ የሸክላ ሳህን፣ አንድ ጊዜም ከነመክደኛው ሙሉ የሽንት ቤት መቀመጫ። በዚያ ኅዳር ቆቃ ግድብ ላይ ከውሃ በታች ሥራ ነበረውና ሲጨርስ ሊጠይቀኝ ደብረ ብርሃን መጣ። ሁለት የተሞሉ ቦምቦላዎች ተርፈውት ነበር።

እራት ላይ የወይራ አምባ ሚካኤልን ደወል ነገር አጫወትኩት። ደብሩ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው አፋፍ ላይ ነው። የአጥቢያው ሰው ማሽላውን እየሸጠ፣ ዓመታት አዋጥቶ፣ ከአዲስ አበባ የነሐስ ደወል አስመጣ። ከአንኮበር ወዲያ የጫኑት በአጋሰስ ዕቃ የሚያመላልሱት ጋሽ ተሰማ ነበሩ። መንገዱ አፈ ጨለማ ከሚሉት የወንዝ ጥልቅ በላይ እንደ ቀበቶ የሚጠብበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ በቅሎዋ ከነደወሉ ተንሸራታ ገባች። ጋሽ ተሰማ ባዶ እጃቸውን ደብሩ ደረሱ። ሰዉ አለቀሰ፤ አልቅሶ ሲጨርስ ደግሞ ማሰብ ጀመረ፤ ጣጣው የመጣውም ያኔ ነው። «ደወሉን ገበያ ወስዶ ሸጠው፤ እንዲታመን ብሎ በቅሎዋን ገፈተራት» ተባለ። በረጅም ዘንግ ፈለጉ፤ ዘንጉ ወለል አልነካ አለ። በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ ገዘቱ፤ ደወሉን የሸጠም፣ ሲሸጥ ያየም፣ አውቆ የደበቀም የተወገዘ ይሁን አሉ። ስም አልተጠራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከጋሽ ተሰማ ጋር ከአንድ ገበታ የሚቆርስ ሰው ጠፋ፤ ሴት ልጃቸውን ያጩት ሰዎችም ነገሩን ተዉት።

ኢድሪስ ማኘኩን አቁሞ፣ «ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» አለኝ።

«መጨረሻ የለውም።»

«መጨረሻ ከሌለውማ ደወሉ ገና እየወረደ ነው፤ ፈጥነን እንድረስበት» አለ።

ማክሰኞ

አንኮበር የሚሄድ የጭነት መኪና ተገኘ። ኢድሪስ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ከጨው ጆንያው ላይ ወጣሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ክፉ ነው የምትሉ ሰዎች፣ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆናችሁ ብትቀምሱት የእኛን ከተማ ምድጃ ትሏታላችሁ። ጢሜ ላይ በረዶ የሆነው ጤዛ መኪናው በዘለለ ቁጥር እንደ ቃጭል ይንኳኳ ነበር። ኢድሪስ የባሰበት ስለነበር ለባሕር ያዘጋጀውን የጎማ ልብስ ከኮቱ ሥር ለብሶት መጣ።

ከመንገዱ አጋማሽ ላይ መኪናው ረግረግ ውስጥ ተቀረቀረ። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው ሊገፉ መጡ። ኢድሪስም ወርዶ ኮቱን አወለቀና ትከሻውን ሰጠ። ከአጫጆቹ አንዱ መግፋቱን ትቶ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ጌታዬ፣ የዚህ ሰው ቆዳ ምን ሆኖ ነው?»

«የመኪናው ጎማ የአጎት ልጅ ነው፤ ዘመዱ ጭቃ ገብቶበት ሊያወጣው ነው የመጣው» አልኩት።

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «ዘመድ እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ከበፊቱ አብልጦ ገፋ። መኪናው ሲወጣ የባቄላ እሸት ዕቅፍ ሙሉ ጣሉልን። የእኛ ከተማ ሰው መኪና ሲቀረቀር ቆሞ ምክር እንደሚሰጥ ለራሳችሁ አልነግራችሁም።

ከሰዓት በኋላ አንኮበር ገባን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ኢድሪስ እንደ ተተከለ ቀረ። ምድር ከእግራችን ሥር ድንገት ታልቃለች፤ ከዚያ በታች ተራራው በተራራ ላይ እየተደረበ ይወርድና፣ ከሁሉ በታች ቆላው በጭጋግ ሰማያዊ ሆኖ እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል። የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ አፌ ግን እንደ መጀመሪያዬ ተከፈተ።

«ባሕር» አለ ኢድሪስ በሹክሹክታ።

«ቆላ ነው እንጂ፤ የአፋር ምድር ነው።»

«እኔ ባሕር አጠፋለሁ? ወለሉ ነው ይኼ። እኛ ከውሃው ፊት ላይ ነን ያለነው» ብሎ አፋፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው የገዛ አገሬን ከላይ ወደ ታች ሊጠልቅበት እንደተዘጋጀ ባሕር ሲመለከተው ሳይ እኔም እግሬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

ያደርነው የሟች አክስቴ ጓደኛ ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ነው። ዶሮ ሊያርዱልን ሲነሱ ኢድሪስ እስላም መሆኑን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ከጎረቤት አዲስ ድስት ተበድረው መጡ።

«ዕንቁላል እቀቅልለታለሁ። ዕንቁላል የክርስቲያን የለው፣ የእስላም የለው፤ ማን ባርኮት ያውቃል?» አሉ።

እንግዳዬ ከቦታው ከፍታ የተነሳ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። «አየራችሁ ቀጭን ነው፤ ብስበው ብስበው አይሞላልኝም» ብሎ አቃሰተ። ወይዘሮ እልፍነሽ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ምን አለ? ነገሥታቱ እዚህ የሰፈሩት ለምን ይመስለዋል? ለአየሩ ነው እንጂ ለድንጋዩ ነው? ንገረው አንተ!»

ነገርኩት። በቁጣቸው ላይ ሦስት ባና ደረቡበት፤ ኢድሪስ ከሥሩ ራሱ እንኳን አይታይም ነበር።

በቅሎ እንዲጭኑልን ያስጠራናቸው ጋሽ ተሰማ የመጡት እኛ ገበታ ላይ ሳለን ነው። ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ሽበታቸው የጀመረ ሰው ናቸው። «ግቡ» ብንላቸው ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው መቆርጠም ያዙ። ወይዘሮ እልፍነሽ ለብቻ በሳህን አድርገው ወጡና ከአጠገባቸው አስቀመጡ እንጂ በእጃቸው አላቀበሉም።

«ሰረቀ ብዬ አይደለም» አሉኝ ሲመለሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ግዝት ነው።»

ጋሽ ተሰማ ከደጅ ሆነው ኢድሪስን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። «እውነት ከውሃ በታች ሆነህ ታያለህ?»

«ውሃው ጥሩ ከሆነ አያለሁ። ካልሆነ በእጄ እዳስሳለሁ።»

«ደግ» አሉ፤ ወደ ቆሏቸው ተመለሱ።

ረቡዕ

ጠዋት ሁለት በቅሎ ተጫነ። ጋሽ ተሰማ እያንዳንዱን ዕቃ በክንዳቸው እየመዘኑ ነበር የሚጭኑት። የእንስሳቱን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፣ ኮርቻውን ያነሳሉ፣ መልሰው ይዳብሳሉ። ቦምቦላዎቹን ሲያነሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምንድን ነው የሞላበት?»

«አየር» አልኳቸው።

«ሌላስ?»

«አየር ብቻ።»

ጥያቄውን ትተው ወደ መጫኑ ተመለሱ። እኔም ዝም አልኩ፤ ያን ጊዜ ዝም ማለቴ ምን እንደሚያስከትል ብገምት ኖሮ እንደ አዝማሪ አወራ ነበር።

ስለ ቁልቁለቱ ምን ልበላችሁ? መንገድ አይደለም፤ ገደሉ ሲያዛጋ የታየ ምላስ ነው። በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል፤ በየመታጠፊያውም እኔ አንድ ልብስ፣ ኢድሪስ ሁለት ልብስ እናወልቃለን። ከላይ ገብስና ግራዋ ነበር፤ ዝቅ ስንል ማሽላ መጣ፤ ደግሞ ዝቅ ስንል ስሙን የማላውቀው ወፍ ይሰድበኝ ጀመር። ኢድሪስ ውሃ እንዳገኘ ችግኝ ቀና አለ፤ እኔ ጠወለግሁ። በቅሎዎቹ ቀስ ብለው ነበር የሚወርዱት፤ እኛ ቀድመን አንድ ዋርካ ጥላ ሥር ደረስንና ተቀመጥን።

ከበላያችን የሆነ ድምፅ ተሰማ። አንድ ሺህ እባብ ባንድ አፍ ቢተነፍስ እንደዚያ ነው። ወፉ እንኳን ስድቡን አቆመ። ኢድሪስ ከመቀመጫው ዘሎ ዳገቱን ወደ ላይ ሮጠ፤ ትናንት በሜዳ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው።

ስንደርስ ጋሽ ተሰማ ከአንደኛው ቦምቦላ ፊት ቁጢጥ ብለው፣ መዘውሩን ከፍተው፣ እንደ ሰው አስታማሚ ረጋ ብለው ይጠብቃሉ። ኢድሪስ «ያ አላህ!» ብሎ ዘጋው። ግን የሚዘጋ ነገር አልቀረም ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«አየር ነው ብለኸኝ የለ?»

«አዎ፣ አየር ነው!»

«ታዲያ እዚያ ታች አየር አልጠፋ። ይህቺ ፍጡር ምን በወጣት ከአንኮበር ድረስ አየር ተሸክማ ትወርዳለች? ብረቱን እናደርስለታለን፤ አየሩን እዚያው ይሙላው።» ቦምቦላውን ብድግ አደረጉና ፊታቸው በራ። «ይኸው፣ ቀለል ብሏል!»

እውነት ቀሎ ነበር፤ እኔም አንስቼ አይቻለሁ። አየር ክብደት እንዳለው በአርባ ምናምን ዓመቴ ያወቅሁት እዚያ ገደል ላይ ነው። ሳቄ መጣ። ኢድሪስ ግን አልሳቀም። ከፊታቸው ተንበርክኮ በዚያ በወደብ አማርኛው ነገራቸው።

«አባባ፣ ውሃ ውስጥ የምተነፍሰው ይህን ነበር። አንዱ መፈለጊያ፣ አንዱ ማሰሪያ። የሚሞላው በሞተር ነው፤ ሞተሩ ቆቃ ነው ያለው።»

ጋሽ ተሰማ ከቆሙበት ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁለቱን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መዳፋቸውን አዩት።

«ዳማን የገደልኳት ጭነት አብዝቼ ነው» አሉ። ያቺ ከነደወሉ የገባችው በቅሎ መሆኗ ነው። «ደወሉ ላይ የሰው ጓዝ ጨምሬባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንስሳ ላይ ትርፍ ነገር አልጭንም ብዬ ምያለሁ። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ…»

ኢድሪስ ተነስቶ ሙሉውን ቦምቦላ ከሌላይቱ በቅሎ አወረደና በራሱ ጀርባ አዘለው። በዚያ ሙቀት እስከ ታች ድረስ ተሸክሞት ወረደ። በቅሎዋ እንድታርፍ ይሁን ወይስ ከጋሽ ተሰማ እጅ ለማራቅ አልነገረኝም።

ያረፍነው ግዝቱን ባስተላለፉት ቄሰ ገበዝ፣ በአባ ገብረ ኪዳን ቤት ነው። ጠባብ ቤት ናት፤ ግን ሴት ልጃቸው እግራችንን አጠበችን፣ ሙዝ ቀረበ፣ እሳቸውም የሚተኙበትን ቁርበት ለኛ ለቀው ወደ ማድቤት ሄዱ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቄስ አልጋ ሲለቅ አይቻለሁ የሚል ይምጣና ይንገረኝ። ጋሽ ተሰማ ከበቅሎዎቻቸው ጋር ውጪ ቀሩ። ከማረፋችን በፊት ግን የአጥቢያው ሽማግሌዎች አንድ ክርክር ይዘው መጡ፤ ጥልቁ ታቦቱ ለጥምቀት የሚወርድበት ወንዝ ነውና እስላም እንዴት ይገባበታል አሉ።

አባ ገብረ ኪዳን የጎማውን ልብስ አስመጡና ወደ ውጪ ወደ ውስጥ ገለባበጡት። አንድ ቅል ውሃ አፈሰሱበት። ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ደረቅ ነው።

«ውሃው እሱን አይነካውም፣ እሱም ውሃውን አይነካውም። ምን ገባ ትላላችሁ?» አሉ።

«እኔ ቢስሚላሂ ብዬ ነው የምገባው» አለ ኢድሪስ፣ ነገሩ እንዳይሸፋፈን ብሎ።

«በል፣ በል። እኛም ከዳር ሆነን በስመ አብ እንላለን። አምላክ በመካከል ይሰማል» አሉት።

ሐሙስ

አፈ ጨለማን ያላየ ሰው፣ ሁለት ተራራ ተጣልተው በመካከላቸው አንድ ጉድጓድ ውሃ ለዳኛ አስቀምጠዋል ብሎ ያስብ። ወንዙ ከላይ በፏፏቴ ወርዶ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል። ውሃው ጥቁር ነው፤ ግን ስትጠጋው ጥቁር አይደለም፣ አረንጓዴ ነው፤ ደግሞ ስትጠጋው መልክ የለውም። ፀሐይ የምትገባበት ለጥቂት ጊዜ በእኩለ ቀን ብቻ ነው። ቀልድ ልጀምር አፌን ከፍቼ ገደሉ ድምፄን መልሶ ሲያመጣልኝ አፍሬ ዘጋሁት።

የደብሩ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ቀሳውስቱ ጥላ ዘርግተው ባንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል። ከሁሉ ፊት አቶ ደግፌ የሚባሉ ሰው ቆመዋል፤ ለደወሉ ከሁሉ የበለጠ ያዋጡ፣ ገፈተራት የሚለውንም ወሬ ያጸኑ እሳቸው ናቸው። ኢድሪስ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረና ሌላውን ጫፍ ለጋሽ ተሰማ ሰጠ። «ሁለቴ ከሳብኩ ጎትቱ» አለ። ገመዱን ለምን ለእሳቸው እንደሰጠ ማንም አልጠየቀውም።

ገባ። ውሃው ተዘጋበት። ከዚያ አረፋው መጣ፤ ነጭ፣ ክብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየፈላ። ሴቶቹ «እ!» አሉ። አረፋው ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመጣል፤ ከሥሩ ሰው አለ። ዓይናችን አረፋውን ተከትሎ የዚያን ጉድጓድ ወለል እየዳሰሰ ዞረ፤ ማንም አይቶት የማያውቀውን ቦታ ሁላችንም የምናየው መሰለን። አንድ አሮጌ ዲያቆን ከጎኔ፣ «ዮናስ እንዲህ ኖሯል» አለ።

ብዙ ቆየ። ፀሐይዋ ከውሃው ላይ ልትሸሽ ስትል ኢድሪስ ብቅ አለና ቱቦውን ከአፉ አወጣ።

«በቅሎዋ አለች» አለ። «አጥንቷ ከነመጫኛዋ ገደሉ ሥር ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ። አቶ ደግፌ ግን እጃቸውን አነሱ። «በቅሎዋ መግባቷን ማን ካደ? ደወሉን አውርዶ ገፈተራት ነው ያልን! ደወሉስ?»

«ከአጥንቷ ሥር፣ ጭቃ ውስጥ፣ እጄ ክብ ነገር ነክቷል። ድንጋይ ሊሆን ይችላል። አየሬ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።»

ጋሽ ተሰማ ገመዱን እንደያዙ ናቸው፤ ዓይናቸውን ከውሃው አላነሱም። ትናንት ያፈሰሱት አየር ሁላችንንም ከቦ ቆሟል፤ አንዲት ጉንጭ እንኳን ወደ ቦምቦላው የሚመልስልን የለም።

ኢድሪስ ወደ ዳር ወጥቶ ቦምቦላውን አወለቀ። ከጎማ ልብሱ ሌላ መስታወቱን ብቻ አስቀረ። ከዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ መረጠ፣ አነሳ፣ ጣለ፤ ሌላ አነሳ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«አባቴ ዳህላክ ላይ ሉል የሚያወጣ ነበር። ቦምቦላ በዓይኑ አላየም» አለኝ። ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ በክንዱ ጠቀለለ፣ ቁጭ ብሎ ረጅም ጊዜ በዝግታ ተነፈሰ፣ ድንጋዩን ታቅፎ ገባ።

አሁን አረፋ የለም። ይህን ነው ልነግራችሁ የምፈልገው፣ ግን ቃል አላገኘሁለትም። ውሃው እንደ ተወለወለ ነሐስ ረጋ። ሰዉ ሁሉ ሳይነጋገር ትንፋሹን ያዘ፤ እኔም ያዝኩ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ሲል ለቀቅሁ፣ ደግሞ ያዝኩ፣ ደግሞ ለቀቅሁ። እሱ ገና እዚያ ነው። አባ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን አንስተው «እግዚኦ» ማለት ጀመሩ፤ ከኋላቸው ሁሉም ተቀበለ። ሦስተኛውን ትንፋሽ ስለቅ ማን ወደዚህ እንዳመጣው ትዝ አለኝ።

ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ።

ኢድሪስ እንደ ቡሽ ዘሎ ወጣ፤ የሳበውን የአየር ድምፅ እስከ ማዶ ገደል ሰማነው። ጋሽ ተሰማ ታች የታሰረውን ገመድ ጎተቱ። አልንቀሳቀስ አለ። እኔ ያዝኩ፣ ዲያቆኑ ያዘ፣ ቀሳውስቱ ጥላቸውን ጥለው ያዙ፤ በመጨረሻ አቶ ደግፌ ሰዉን ገፍተው መጡና ከጋሽ ተሰማ እጅ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ጨበጡ። መጀመሪያ ጭቃው ፈላ። ከዚያ አረንጓዴ ነገር፣ እንደ አንድ ግዙፍ ፍሬ፣ ቀስ እያለ ከጨለማው ወጣ። ደወል ነው። ውስጡ የሞላው ጭቃ እየተንዶለዶለ ፈሰሰ። እልልታው ገደሉን ሞላው፤ ሰዉ በጉልበቱ ወደቀ።

አባ ገብረ ኪዳን ጭቃውን ረግጠው ወደ ጋሽ ተሰማ መጡ። «ስም አልጠራሁም ነበር፤ ስምህን የያዘው ግን እኔ ያልኩት ነው» አሉ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው በመስቀላቸው የጋሽ ተሰማን ግንባር ነኩ፤ ቀጥለው ራሳቸው ጎንበስ አሉና፣ «አንተም ፍታኝ» አሏቸው። አቶ ደግፌ ቀና ብለው ማየት አልቻሉም፤ ነጠላቸውን አውልቀው የጋሽ ተሰማን የደማ እጅ ጠቀለሉበት፤ ገመዱ ልጦት ነበር።

ጋሽ ተሰማ ደወሉን አንዴ እንኳን አላዩትም። ዳር ላይ ተዘርሮ ወደሚያለከልከው ኢድሪስ ሄደው ቁጢጥ አሉ።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«እግሯ ነው የተሰበረው? ብዙ ቆይታለች?»

ኢድሪስ ተነስቶ ተቀመጠና ፊታቸውን አየ። «አንገቷ ነው፤ ወዲያው ነው። ውሃው ሳይደርሳት» አላቸው።

ያኔ ጋሽ ተሰማ አለቀሱ። እዚያው የካህናቱ ምሳ ሲቀርብ ከአባ ገብረ ኪዳንና ከአቶ ደግፌ መካከል ተቀምጠው፣ ከአንድ ገበታ እየቆረሱም ያለቅሱ ነበር።

ዓርብ

ዳገቱን ወጣን። በቅሎዎቹን ጋሽ ተሰማ ከኋላ ይነዱልናል፤ ደወሉ ከበታቻችን ሲሞከር ይሰማል፤ በየመታጠፊያው አንድ ልብስ መልሰን እንለብሳለን። ብቻችንን ስንሆን ኢድሪስን ጠየቅሁት። «እውነት አንገቷ ነው?»

ቆመ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ።

«የጭቃ ጨለማ ነው፣ ወንድሜ። ደወሉን እንኳን በእጄ ነው ያገኘሁት። ዓይኔ ምንም አላየም።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጆንያ የሚሰፈር ውሸት ያወራሁ ሰው ነኝ። ያን ሁሉ ባንድ ላይ ብጭነው የዚያችን የእሱን አንዲት ውሸት ያህል አይመዝንም። ከዚያ እስከ አንኮበር ድረስ አንዲት ቀልድ ከአፌ አልወጣችም። ደብረ ብርሃን ገብቼ ሁሉንም ስተርክ ቦምቦላውን አመናችሁልኝ፣ ደወሉን አመናችሁልኝ፣ ሰው ድንጋይ ታቅፎ መስመጡንም አመናችሁልኝ፤ ዝም ብዬ መውጣቴን ግን እስከ ዛሬ ያመነኝ የለም።